የአሮጌ ካሚዮን የሕይወት ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ የሰው ታሪክ በመጽሐፍ ይጻፋል፤ የካሚዮን ታሪክ ግን የሚነበበው ከገዛ ብረቱ ነው። በሐረር ወይም በጅጅጋ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ያረጀ የጦር ካሚዮን አግኝተው ሊያሳድሱት ቢያስቡ፥ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ይህን ንባብ መማር ይገባዎታል።

መጀመሪያ የሚመረመረው በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። ሁለቱ ከሊብሬው ጋር ባይስማሙ አይደንግጡ፤ የአንዱ ሞተር በሌላው ሻንሲ ላይ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። መሪው በቀኝ በኩል መሆኑም ብቻውን «የእንግሊዝ ነው» አያሰኝም፤ የዚያ ዘመን ትልልቅ የኢጣልያ ካሚዮኖችም መሪያቸው በቀኝ ነበርና።

ከእነዚህም ስመ ጥሩው ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ያሉት ፊያት 634 ነው። ትሬንታ ኳትሮ በጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ሲሆን፥ ስሙ የተወሰደው ከቁጥሩ መጨረሻ ነው። ፋብሪካው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1931 እስከ 1939 ሠራው። ሞተሩ በናፍታ የሚሠራ፥ ባለ 6 ሲሊንደር፥ 8.3 ሊትር ነበረ። ከግዝፈቱም የተነሣ በአገሩ «ዝሆን» ተባለ።

እንዲህ ያሉትን ካሚዮኖች በብዛት ወደ አገራችን ያመጣቸው ጦርነት ነው። የግራዚያኒ ጦር ከሶማሊያ ተነሥቶ፥ ከአሜሪካ በተገዙ ካሚዮኖች ጭምር እየተጓዘ፥ ኦጋዴንን አቋርጦ ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረር ገባ። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር በጅጅጋና በማርዳ በኩል መጣ፤ የናይጄርያ ወታደሮችም መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዪቱን ያዙ። ከድል በኋላ እንግሊዞች ብዙ የምርኮ ንብረት ከአገር ቢያወጡም፥ የቀሩት ካሚዮኖች የወታደር ልብሳቸውን አውልቀው እህልና ቡና ተሸካሚ ሆኑ።

እንግዲህ የሚታደሰው የትኛው ዘመኑ ነው? ብዙ ሰው የወታደር ቀለም መቀባት ይወዳል፤ ያምራልና። «የጠላት ዕቃ ነው፤ ይቅለጥ» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ወራሪውን ያገለገለው ቢበዛ 5 ዓመት ሲሆን፥ ከነጻነት በኋላ በእኛ ሰው እጅ የሠራበት ዘመን ከዚያ ይረዝማል። መካኒኩ መለዋወጫ ሲያጣ ከሌላ መኪና ያመጣው ባሉስትራ፥ አናጢው የገጠመው ሳንቃ፥ ባለንብረቱ በበሩ ላይ ያጻፈው ስም፥ ሁሉም የታሪኩ ምዕራፎች ናቸው። እነዚህ ተፍቀው ቢጣሉ የሚቀረው የወራሪው ምዕራፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገር የሐረርን ግንብ ይመልከቱ። ጀጎል በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ሲታጠር 5 በሮች ነበሩት፤ መኪና የሚገባበት 6ኛው በር የተከፈተው በኋላ ዘመን ነው። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ከተማዪቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፥ ይህ በር አዲስ ነው ተብሎ አልተደፈነም። ዛሬም ሰውና መኪና ያልፍበታል።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ከመፋቅዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ቁጥሮቹን ይቅዱ፤ ከአሮጌው ቀለም ጥቂት ቦታ ሳይነኩ ይተዉ። ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌ ሾፌሮችንና መካኒኮችን ፈልገው ይጠይቁ፤ የሚሉትንም በደብተር ይጻፉ። ቁራሌው የወሰደው ብረት ምናልባት ሌላ ይተካው ይሆናል፤ ያንን መንገድ የነዳው ሰው ካለፈ ግን የሚተካው አይገኝም።