ሕፃኑ አለርጂ ሲኖርበት የሚቆመው የእናት ወተት ነው ወይስ የላም ወተት?

ጡት ብቻ በሚጠባ ሕፃን ሰገራ ላይ የደም ጭረት ሲታይ፣ ወይም ሽፍታውና ትውከቱ አልተው ሲል፣ እናትየዋ ቶሎ የምትሰማው ምክር «ወተትሽ አልተስማማውም፤ ጡት አስጥይውና የቆርቆሮ ወተት ጀምሪለት» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል። በዚህ ዕድሜ አለርጂን በብዛት የሚቀሰቅሰው የላም ወተት ፕሮቲን ሲሆን፣ አብዛኛው የሕፃናት የዱቄት ወተትም የሚሠራው ከዚያው ከላም ወተት ነው። እናት ከጠጣችው ወተት ወደ ጡቷ የሚያልፈው ፕሮቲን በናኖግራም የሚለካ ኢምንት ነው፤ በአንድ ጡጦ ውስጥ ያለው ግን በግራም ይቆጠራል። የፍየል ወተትም ማምለጫ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኞቹን እነዚህን ሕፃናት ያስቆጣቸዋል።

ስለዚህ በሐኪም ምክር ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቆም ያለበት እናት የምትመገበው የላም ወተት ነው። እርጎው፣ አይቡ፣ ቅቤው፣ ወተት የገባበት ብስኩትና ኬክ ሁሉ ይቀራል። ንጥር ቅቤም ቢሆን ጥቂት ፕሮቲን ይዞ ሊቀር ስለሚችል ለሙከራው ጊዜ ቢተው ይሻላል። የጾም አሠራር ለሚያውቅ ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ፣ ሥጋና እንቁላል ያለ ምክንያት መቅረት የሌለባቸው መሆኑ ነው፤ አጥቢ እናት አቅም ያስፈልጋታል። በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየምም ማግኘት አለባት፤ ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ያግዛሉ፣ ካልበቃ ሐኪሙ እንክብል ያዝላታል። «አራስ ያለ ቅቤ እንዴት ትጠግናለች?» ለሚሉ እናቶቻችንም መልሱ ይኸው ነው፦ ገንፎው በተልባ ወይም በዘይት ይበላል፣ ሥጋውም አለ።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቀጣዩ ደረጃ ነው። ሕፃኑ ከተሻለው እናት ወተቱን መልሳ ትጀምርና ምልክቱ ይመለስ እንደሆነ ይታያል። ካልተመለሰ አለርጂ አልነበረም ማለት ነው፤ ሽፍታም ሆነ ለቅሶ በራሱ ጊዜ ይጠፋልና። ይህን ሳያረጋግጡ ወራት ሙሉ ምግብ መከልከል እናትን በከንቱ ማጎሳቆል ነው። ከባድ ምልክት የታየበት ሕፃን ግን ሙከራው ሐኪም ባለበት ብቻ ይደረግለት።

«ደም እየታየ ጡት መቀጠል አደገኛ አይደለም?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ሕፃኑ ደስተኛ ከሆነ፣ ክብደቱ ከጨመረና የሚታየው ቀጭን ጭረት ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ዕድሜ ገደማ የሚተው ቀላል ዓይነት ነው፤ ያም ሆኖ ሐኪም ይየው። ደሙ ከበዛ፣ ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሹ ከተቸገረ፣ ደጋግሞ አስመልሶ ከዛለ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሕፃናት ጥቂቶቹ ፕሮቲኑ በጣም የተሰባበረ ልዩ የዱቄት ወተት ያስፈልጋቸዋል፤ ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም፣ የሚወስነውም ሐኪሙ ነው። ለሌሎቹ ጡቱ ይቀጥላል፤ ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል፣ የላም ወተቱም ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በሐኪም ምክር እንደገና ይሞከራል።