ከእርሾ እስከ ክኒን

ባዮኬሚስትሪና ማይክሮባዮሎጂ እንማራለን ስንል «ታዲያ ስትጨርሱ ምን ትሆናላችሁ?» የሚለን ሰው ብዙ ነው። ሐኪሞች አይደለንም፤ መሐንዲሶችም አይደለንም። ስለዚህ ይህን ትምህርት ለመምረጥ የሚያመነታ አዲስ ተማሪ ቢኖር አንፈርድበትም። ሆኖም ነገሩን ሳይመረምር እንዳይተወው ጥቂት ልናስረዳው እንወዳለን።

ከላቦራቶሪው በፊት ወደ ጓዳ እንግባ። እናቶቻችን የጤፍ ሊጥ ሲያቦኩ ካለፈው ቡኮ ያስቀሩትን እርሾ ይጨምሩበታል። በዚያ ቢጫማ ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሐዋስያን ሞልተዋል፤ ከነዚህም ዋነኞቹ የእርሾ ፈንገሶችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ስኳሩን ይመገቡታል፤ አሲዱ ሊጡን ያኮመጥጠዋል፤ ጋዙም በምጣዱ ላይ የእንጀራውን ዓይን ያወጣል። በሊጡ ውስጥ ማን እንዳለ፣ እንዴት እንደሚራባና ማን ማንን እንደሚያሸንፍ የሚጠይቀው ማይክሮባዮሎጂ ነው። ስታርቹ እንዴት ስኳር፣ ስኳሩም እንዴት አሲድ እንደሚሆን የሚጠይቀው ባዮኬሚስትሪ ነው። ሊጡ አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ሁለት ነው።

የሁለቱ ትምህርቶች ዝምድናም የመጣው ከዚሁ ከመቡካት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ሉዊ ፓስተር ላክቲክ አሲድ የሚፈጠረው በሕያዋን ተሐዋስያን ሥራ መሆኑን አስረዳ። በ1897 ደግሞ ኤድዋርድ ቡክነር የእርሾ ሕዋሳትን ፈጭቶ ጭማቂያቸውን ቢያወጣ፣ ሕይወት ያለው ሕዋስ ሳይኖርበት ጭማቂው ስኳርን ወደ አልኮል ለወጠ። ሥራውን የሚሠሩት በሕዋሱ ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች መሆናቸው በዚህ ታወቀ፤ ቡክነርም በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ነገሩ ግን በጓዳ አያበቃም። ኢ. ኮላይ የምትባለው ባክቴሪያ ሲመቻት በ20 ደቂቃ ሁለት ትሆናለች። በዚሁ ፍጥነት ብትቀጥል በ10 ሰዓት ውስጥ ልጆቿ ከአንድ ሺህ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል መድኃኒት የማይበግረው ጥቂት ቢገኝ አያስደንቅም። ፔኒሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያው የሕዋሱን ግድግዳ እንዳይሠራ እየከለከለ ነው፤ የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አይነካም። ነገር ግን አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ራሱን የሚያፈርስ ኤንዛይም አላቸው። ይህም ገና በ1940 ታውቆ ነበር። መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ስንወስድ ደካሞቹ ይሞታሉ፤ ብርቱዎቹ ተርፈው ስፍራውን ይወርሳሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው።

እኛም ይህን እያወቅን አጥፍተናል። በአንድ የፈተና ሰሞን ከመካከላችን አንዱን ጉንፋን ያዘው። ሌላው ከሕመሙ ያስተረፈውን አሞክሲሲሊን አካፈለው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ ክኒኑ የሚያፈርስበት ግድግዳ የለውም። ይህ የሆነው ስለ ባክቴሪያ ግድግዳ ስናጠና ባደርንበት ሌሊት መሆኑን ስናስበው እናፍራለን። ዕውቀት በደብተር ብቻ ሲቀር እንዲህ ያደርጋል።

እንግዲህ «ምን ትሆናላችሁ?» ለሚለን መልሳችን ይህ ነው። ከሕመምተኛው የተገኘውን ባክቴሪያ በሳህን ላይ እንዘራለን፤ መድኃኒት የጠጣ ክብ ወረቀት እናኖርበታለን። በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ሰፋ ያለ ባዶ ክብ ከታየ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ከበቀለ ግን አይሠራም። ሐኪሙ የቱን መድኃኒት እንደሚያዝ የሚያውቀው ይህን ሳህን በትክክል የሚያነብ ሰው ሲኖር ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን ገና አልበዛም።

ይህን ትምህርት የምትመርጥ ወንድማችንም ሆንሽ እኅታችን፣ በሩ ክፍት ነው። የማትመርጡም ብትሆኑ አንድ ነገር እንለምናችኋለን፤ በሣጥናችሁ የተረፈውን ክኒን ለጓደኛ አታካፍሉ።