ያውቁ ኖሯል? አንድ ካንሰር፣ አራት መድኃኒት

መልቲፕል ማየሎማ መቅኔ ውስጥ ያሉ የፕላዝማ ሴሎች ያለ ልክ ሲራቡ የሚመጣ ካንሰር ነው። አጥንት ይቦረቡራል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? በ1844 ለንደን ውስጥ ይህ በሽታ አጥንቷን እየሰባበረ ለነበረች ሴት ሐኪሟ ካዘዘላት መካከል ሩባርብ የሚባል ተክልና የብርቱካን ልጣጭ ዝፍዝፍ ይገኙበታል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ዩሬቴን ለዓመታት ታዘዘ። በ1966 ውጤቱ የታተመ ሙከራ የቼሪና የኮላ ጣዕም ካለው ባዶ ሽሮፕ ጋር ሲያወዳድረው ምንም ብልጫ አላገኘበትም። ሽሮፑ ቢያንስ ይጣፍጣል!

ከ10,000 በላይ ሕፃናትን በማኅፀን ሳሉ የጎዳው ታሊዶማይድስ? በ1999 ሌላ ሕክምና ካልያዘላቸው 84 የማየሎማ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ላይ ሠራ። የዛሬው ሌናሊዶማይድ የዚያው ዘር ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ2010 የታተመው የአሜሪካ ሙከራ ነው። በሽታው ገና የተገኘባቸው 445 ሰዎች ሁሉም ሌናሊዶማይድ ወሰዱ፤ ልዩነቱ አብሮት በሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ላይ ነበር። ግማሾቹ በ28 ቀን ዙር ውስጥ 12 ቀን 40 ሚሊግራም ዋጡ፤ የቀሩት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ካንሰሩ ይበልጥ የቀነሰው ብዙ በዋጡት ላይ ነው። ዓመት ሲሞላ ግን በሕይወት የተገኙት ከእነሱ 87 በመቶ፣ ጥቂት ከወሰዱት 96 በመቶ ሆኑ። ደም መርጋትና ኢንፌክሽንም የበረቱት ብዙ በዋጡት ላይ ነበር። ሙከራው የካንሰሩን መጠን ብቻ ለክቶ ቢያቆም ኖሮ አሸናፊው የተሳሳተው ወገን ይሆን ነበር።

በእነዚህ ሁለቱ ላይ ቦርቴዞሚብ ሲጨመርስ? ከ500 በላይ አዲስ ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ በ2017 እንዳሳየው ግማሾቹ በሽታው ሳይብስባቸው የቆዩበት ጊዜ ከ30 ወር ወደ 43 ወር ረዘመ።

አራተኛው ዳራቱሙማብ ነው። ፐርሴየስ በተባለው ሙከራ 709 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ሁሉም ሦስቱን መድኃኒትና የራሳቸውን ግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ እንዲያገኙ ሲታቀድ፣ አራተኛው የታከለው ለአንደኛው ቡድን ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይብስባቸው በሕይወት የቆዩት አራቱን ከወሰዱት 84 በመቶ፣ ሦስቱን ከወሰዱት 68 በመቶ ያህል ሆኑ።

ዳራቱሙማብ ግን ከካንሰሩ ሴል ሌላ ቀይ የደም ሴል ላይም ይለጠፋል። ስለዚህ ደም ባንክ የሚሰጠውን ደም ከሕመምተኛው ጋር ሲያመሳክር የማይስማማ ሊመስለው ይችላል፤ ይህም ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት የደም ዓይነቱን ያስመረምራል፤ መድኃኒቱን እንደሚወስድ የሚገልጽ ካርድም በኪሱ ይዞ ይዞራል።