ስለ ዕድሜ አጭር ቅንጣቶች መግነጢስ፤ ተረትና እውነታ

በአቶም ውስጥ ስላሉት ረቂቃን ፍጥረታት ነገር በተነሣ ቁጥር፣ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው መግነጢስ የለውም፣ ተወልዶ በቅጽበተ ዓይን የሚጠፋውም ቢኖረው እንኳ የሚለካው የለም፣ ሊቃውንቱ የሚጽፉትም ቁጥር ግምት ብቻ ነው የሚል ተረት ከተማሩት አፍ ሳይቀር ይሰማል።

የመጀመሪያውን ኒውትሮን ብቻውን ያፈርሰዋል፤ በጠቅላላው ሙል አልባ ቢሆንም፣ በውስጡ የተሰወሩት ሦስቱ ኳርኮች ለየራሳቸው ሙልና ሽክርክሪት ስላላቸው፣ ኑክሌር ማግኔቶን በተባለው መስፈሪያ ሲሰፈር -1.91 የሆነ መግነጢስ ይዞ ተገኝቷልና።

ሁለተኛው ግን ሰፊ ሐተታ ይሻል። ላምዳ የተባለው ቅንጣት ዕድሜው የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ሩብ ያህል ነው፤ ነገር ግን ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ ሲሮጥ፣ አይንሽታይን እንዳስተማረው፣ ዘመኑ በእኛ ሰዓት ስለሚረዝም ብዙ ሜትር ይጓዛል፤ በመንገዱም ብርቱ ማግኔት ቢቆምለት የሽክርክሪቱ ዘንግ ይዞራል፤ ሲፈርስም ከእርሱ የሚወጣው ፕሮቶን ወደ ዘንጉ አቅጣጫ ስለሚያደላ፣ የሟች ሀብት በኑዛዜው እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ከእልፍ አእላፍ ላምዳዎች ፍርስራሽ የመግነጢሱ ልክ ይነበባል፤ እርሱም በዚያው መስፈሪያ -0.613 ነው።

ግምት ነው ለሚሉትም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። በላምዳ ውስጥ የሁለቱ ቀላል ኳርኮች ሽክርክሪት ተፃራሪ ሆኖ ስለሚጣፋ፣ የቀረው መግነጢስ ስትሬንጅ የተባለው የሦስተኛው ኳርክ ብቻ ነው። ኦሜጋ የተባለው ቅንጣት ደግሞ ኳርኮቹ ሦስቱም ስትሬንጅ፣ ሦስቱም በአንድ ወገን የሚሽከረከሩ ስለ ሆነ፣ የላምዳን ሦስት እጥፍ፣ ማለት -1.84 ሊይዝ ይገባዋል፤ በአሜሪካ በፌርሚላብ ሲለካ -2.02 ገደማ ሆነ። የሕፃናት ማባዣ ይህን ያህል መቅረቡ ያስደንቃል፤ እኔን ግን አብልጦ የሚስበኝ ጉድለቱ ነው፤ ኳርኮች እንደ ጠጠር ተቀምጠው የሚቈጠሩ ሳይሆኑ ግሉዮን በተባሉ ቅንጣቶች ተሳስረው የሚራወጡ መሆናቸውን የሚያስታውሰን እርሱ ነውና።

የፊዚክስ ሊቁ ፌርሚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ ፍንጩን ያዩት ዴልታ የተባለው ቅንጣት ግን ለመለካት ከሁሉ ይከፋል፤ በዕድሜው ብርሃን እንኳ ከአንድ ፕሮቶን ወርድ ብዙም አያልፍምና ማግኔት የሚያዞርበት ፋታ የለም። ስለዚህ ፓዮን የተባለውን ቅንጣት በፕሮቶን ላይ ወርውረው፣ በዚያች ቅጽበት የምትፈነጠቀውን የብርሃን ቅንጣት ለቅመው፣ ልኩን በስሌት ያወጡታል፤ እዚህ ላይ ሞዴል ካልገባ መለኪያው ራሱ አይናገርም። ድርብ ሙል ላለው ዴልታ እንዲህ የተገኘው ከ3.7 እስከ 7.5 የተዘረጋ ነው፤ ተራው የኳርክ ስሌት የሚሰጠው 5.58 በመካከሉ ይውላል፤ ነገር ግን በዚያው ሰፊ በር ሌሎች ብዙ ሞዴሎችም ይገባሉ።