የማዮ ጭቃ ዘር ማንዘር

ከካርቱም መሀል ወደ ደቡብ ሲወርዱ ማዮ ይገኛል። ስሙ በዓረብኛ የሜይ ወር ነው። ጦርነትና ድርቅ ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ያፈናቀላቸው ሰዎች ለዓመታት የሰፈሩበት፣ ቤቱ በአመዛኙ ጭቃ የሆነ ሰፈር ነው። ሱዳኖች ይህን የጭቃ ግድግዳ ጃሉስ ይሉታል። እንደ እኛ አገር ጭቃ ቤት ማገርና ቋሚ የለውም፤ የተቦካው ጭቃ በእጅ እየተድቦለቦለ እርከን በእርከን ይደረደራል፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይጨመራል። ዝናብ ሲበረታ ይናዳል። በነሐሴ 1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካርቱም ላይ የወረደው ዶፍ የተፈናቃዮቹን የጭቃ ቤቶች እንዴት እንዳደረጋቸው በዚያ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ያን ጭቃ ጠጋ ብሎ ላየው ጥቁር ግራጫ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የጎጃም ገበሬ ቢያየው ስም አይቸግረውም፣ ዋልካ ነው ይላል። ዝምድናቸው ደግሞ ከመልክ ያልፋል። ይህ ጭቃ አብዛኛው የኢትዮጵያ ተራራ ነው።

የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መሬት ተሰንጥቆ ቅልጥ ዓለት እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። እሳቱ ከአንድ አፍ ብቻ አልወጣም። ከረጃጅም ስንጥቆች እየፈላ፣ አንዱ ድርብ በሌላው ላይ እየተነጠፈ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ውፍረት ደረሰ። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ በሥነ ምድር ሚዛን ይህ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይን ሲሻገሩ ከገደሉ አፍ ላይ የሚታየው ጥቁር ዓለት ያ ባዛልት ነው። ከሥሩ ያለው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ከእሳቱ እጅግ ይቀድማል፤ ዳይኖሰሮች በምድር ላይ ሲመላለሱ እዚያ ባሕር ነበር።

ባዛልት ዝናብና ሙቀት ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል፤ ከማዕድኖቹ ውኃ መጥጦ የሚያብጥ ሸክላ ይወጣል። ያንን ሸክላ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋና የወለጋ ክረምት ጠርጎ ለዓባይ ያስረክባል። ወንዝ እንደ ሰፌድ ያበጥራል፦ ድንጋዩን እዚያው ደጋው ሥር ይጥለዋል፣ አሸዋውን ትንሽ ወሰድ ያደርገዋል፣ ደቃቁን ሸክላ ግን ተሸክሞ ሱዳን ሜዳ ድረስ ይወርዳል። ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ በፊት ወደ ሱዳን የሚሻገረው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። በሁለቱ ናይሎች መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ፣ ዓረብኛው ጀዚራ ወይም ደሴት የሚለው፣ የዚህ ስጦታ ነው። ማዮም በዚሁ ሜዳ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከሸክላው ሥር ሌላ እንግዳ አለ፤ የኑቢያ አሸዋ ድንጋይ የሚባለውና በዳይኖሰሮች ዘመን የተነጠፈው ዓለት፣ የጉድጓድ ውኃ የሚቀዳበት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ጎንደሬ ወዳጆቼ ካርቱምን ያቆመው የሰሜን ተራራ አፈር ነው ሲሉ እሰማለሁ። አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውኃ ወደ ተከዜ ይወርዳል፣ ተከዜም በአትባራ በኩል ናይልን የሚገናኘው ከካርቱም በስተሰሜን ነው። የራስ ደጀን ጭቃ ካርቱምን ሳይረግጥ ወደ ሰሜን ያልፋል።

ጎንደሬዎች የሚኮሩበት ሌላ ነገር ግን በዚያው ባዛልት ውስጥ አላቸው፤ እሱም ጭልጋ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከዚያ በገዳሪፍ በኩል ካርቱም የሚሄድ መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ ከመስኮቱ ውጭ ምን እንዳለ አያውቅም። በባዛልት ንጣፎች መካከል፣ እሳቱ ባረፈባቸው ዘመናት የተከማቸ ደለል አለ፣ የድንጋይ ከሰልም አብሮት። ጆን ካፔልማን የመራው የኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች ቡድን በ2003 እንዳሳተመው፣ እዚያ የተገኙት ቅሪተ አካላት 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው። የጥንት ዝሆን ዘመዶች አሉ፤ አንዱ ዝርያ በአገሩ ስም ጭልጋቴሪየም ተብሏል። አርሲኖይቴሪየምም አለ፦ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን የተተከሉለት፣ አውራሪስ የሚመስል ግን ከአውራሪስ ጋር የማይዛመድ አውሬ። አፍሪካ ከዩራሲያ ጋር ሳትገናኝ በፊት እንስሶቿ ብቻቸውን ምን ይመስሉ እንደነበር የሚነግሩ ሥፍራዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጭልጋ አንዷ ናት።

ወደ ማዮ ልመለስ። በጀዚራው ሸክላ ውስጥ የዝሆን አጥንት ፍለጋ መግባት ብዙም አያዋጣም። ዋልካ በየበጋው ይሰነጠቃል፣ የላዩ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ በክረምት ሲያብጥ የገባውን ይገፋዋል፣ ያሻዋል። አጥንት እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። የሚቆየው ቅርፊት ነው። ከሸክላው የሚወጣው የሊሚኮላሪያ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ረዘም ብሎ የሾለ ነው፣ እንደ ጠመዝማዛ ጡሩምባ። ይህ ቀንድ አውጣ የሚኖረው ረጅም ሣርና የግራር ዛፍ ባለበት አገር ነው፤ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይፈልጋል። ዛሬ ካርቱም የምታገኘው ከ200 በታች ነው። አንድ ጣት የማይሞላ ቅርፊት ይህን ያህል ይናገራል።

ዝናቡ ያኔ የበዛበት ምክንያት ሰማይ ላይ ነው። ምድር በዛቢያዋ ላይ እንደ እሽክርክሪት ትወዛወዛለች፤ ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሰኔና የሐምሌ ፀሐይ ከዛሬው በርትታ ነበር። የብሱ ይበልጥ ሲሞቅ ዝናቡ ወደ ሰሜን ገፋ፣ ሰሃራ ለመለመ።

አርኪዮሎጂስቱ አንቶኒ አርኬል በ1944 እና 1945 ካርቱም ሆስፒታል አጠገብ ሲቆፍር ያገኘው ይህንኑ ዘመን ነው። ከብት ያላረቡ ሰዎች በወንዙ ዳር ሰፍረው፣ ጥርስ ባለው የአጥንት ጦር ዓሣ ይወጉ ነበር፤ ጉማሬ ይበሉ ነበር። ሸክላቸውም ሞገድ በመሰለ መስመር ያጌጠ ነው። እርጥቡን ጭቃ የሚያበጥሩበት የአምባዛ እሾህ እንደነበር አርኬል ጽፏል። ያንን ዕቃ የሠሩበት ጭቃ ራሱ ከየት መጣ ብሎ ማሰብ ያስደስተኛል።

ከዚያ ይበልጥ የራቀው ሰው ያለው በሲንጃ ነው፣ ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዚሁ በጥቁር ዓባይ አልጋ ውስጥ። የራስ ቅሉ የተገኘው በ1924 ነው። አጥንት በማያቆየው በዚህ አገር የተረፈው ጠንካራ የኖራ ቅርፊት ስለሸፈነው ነው። ያ ኖራ ሌላም ጠቀመ፦ በውስጡ ያለው ጥቂት ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ ቶሪየም ስለሚለወጥ፣ የሁለቱ መጠን ሲነጻጸር ቅሉ ቢያንስ 133,000 ዓመት እንደሆነው ታወቀ። ዛሬ የሚገኘው ለንደን፣ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። በኋላ በራጅ ሲታይ በቀኝ በኩል የውስጥ ጆሮው ክፍተት ጠፍቶ ተገኘ። ሰውየው፣ ወይም ሴትዮዋ፣ በዚያ ጆሮ አይሰሙም ነበር፤ ሲራመዱም ሚዛን ሳያስቸግራቸው አልቀረም። እንዲያም ሆኖ ለአዋቂነት ደርሰዋል።

ቅሪት እንዴት እንደሚቀበር በሕይወት ማየት ለፈለገ ደግሞ ፓርክ አለ። ከቋራው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰነው የሱዳኑ ዲንደር በ1935 ተከለለ። በዚያ የዲንደርና የረሃድ ወንዞች አካሄዳቸውን ቀይረው የተዋቸው ጥምዝ አልጋዎች አሉ፤ ሱዳኖች ማያ ይሏቸዋል። በክረምት ጎርፉ ገብቶ ይሞላቸዋል፣ ደቃቁን ጭቃ ያሳርፋል፤ በበጋ እንስሳቱ በሙሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። የሞተው በዳርቻው ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ክረምት ደለል ይከድነዋል። ማያ ውስጥ የሚሆነው ጀዚራ ሲሠራ ከሆነው በመጠን እንጂ በዓይነት አይለይም።

ከ2020 ወዲህ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ውኃ መያዝ ጀምሯል፣ ደለሉም አብዛኛው ጉባ ላይ ይቀራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በኖሩበት በካርቱሙ ጀሪፍ፣ ዓባይ ዳር ያሉት የጡብ ምድጃዎች ሲበሉት የኖሩት ያንን በየክረምቱ የሚወርደውን ጭቃ ነው። የማዮ ግድግዳዎች ግን የቆሙበት ሸክላ ከማንኛውም ግድብ በፊት የደረሰ ነው፤ ከነቀንድ አውጣው።