የኮርማን ዘር በንጽሕና ስለ መያዝ

በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለች ላም ሳትይዝ በቀረች ጊዜ ባለከብቱ «መካን ናት» ብሎ ለዕርድ ይነዳታል። ዳሩ ግን ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ የላሚቱ ሳይኾን ዘሩ በተወሰደበት ሥፍራ የገባው እድፍ ነው። ከአንድ ኮርማ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ዘር በማቅጠኛ ፈሳሽ በዝቶ ለብዙ መቶ ላሞች ስለሚዳረስ፣ የአንድ በረት ጕድፍ የብዙ ባለከብት ጕዳት ይኾናል።

ባክቴሪያ የተባለው በዓይን የማይታይ ደቂቅ ነፍስ በብዛት የሚገኘው በኮርማው ብልት ሽፋንና በዚያ ባለው ጠጕር፣ በሆዱ ቆዳ፣ በጕዝጓዙም አቧራ ነው። ስለዚህ ጠጕሩ ጨርሶ ሳይላጭ ሊከረከም፣ ሽፋኑም ታጥቦ ፈጽሞ ሊደርቅ ይገባል፤ ርጥበት የቀረ እንደ ኾነ እድፉን ይዞ ከዘሩ ጋራ ይወርዳልና። የመቀበያውም ዕቃ ለእያንዳንዱ ኮርማ ተለይቶ የጸዳ ይኹን።

አልምኲስት የተባለው የፔንሲልቫንያ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ፣ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን በአንድነት ከዘሩ ጋራ ሲቀላቀሉ ባክቴሪያው እንዲቀንስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መድኀኒቶች ተጨምረው፣ ላምን የሚያመክነውና የሚያስወርደው ካምፒሎባክተር ይገታባቸዋል። ይህ ግን ለቸልተኛ መመኪያ አይኾንም፤ መድኀኒቱን የለመደ ባክቴሪያ አለና። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዘው የናይትሮጅን ፈሳሽ ማስቀመጥም ዘሩን ብቻ ሳይኾን ባክቴሪያውንም ያቈያል።

በአንድ ወረዳ ብዙ ላሞች ተደጋግመው ሳይዙ ሲቀሩ፣ ከዕርዱ አስቀድሞ የኮርማው ቍጥር ከመዝገብ ታይቶ ዘሩ ይመርመር።