ሳይድኑ መፈረም

በመኪና የተገጨ ሰው ገና ከአልጋ ሳይነሳ ሽማግሌ ይላክና «የሕክምናውን ወጪ ችለናል፣ ይቅር በሉን» ተብሎ ወረቀት እንዲፈርም ይደረጋል። እርቅ ክቡር ነው፤ ይህ ፊርማ ግን መቸኮል የለበትም። የተሰበረ እግር ወደፊት ምን ያህል እንደሚያሠራ የሚታወቀው ሐኪም የጉዳቱን መጠን በማስረጃ ሲያረጋግጥ ነውና። «ሾፌሩ ደሃ ነው፣ ከማን ይገኛል?» የሚሉ አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ግን ኃላፊነቱን የሚጥለው በመኪናው ባለንብረት ላይ ነው፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር፣ ያለ ፈቃዱ ሌላ ሰው ቢነዳው እንኳ አይድንም። የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ነው።

ፍርድ ቤት ያጉላላል መባሉ እውነትነት አለው። ቢሆንም ለካሣ ክስ በመርህ ደረጃ 2 ዓመት ጊዜ አለ። እስከዚያው የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋ ፕላን ቅጂ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ ሳይቀር የሰበሰበ ቤተሰብ ከሽማግሌዎቹ ፊት የሚቀመጠው የሚጠይቀውን አውቆ ነው።